ኪያር ከግንቦት ልደታ በፊት አይተከልም

በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ እዚህ ሜሪላንድ አንድ የሚያታልል ሳምንት አለ። ፀሐይ ትወጣለች፣ ሰው ጃኬቱን ይጥላል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉት ካፌዎች ወንበራቸውን ውጭ ያወጣሉ። የአትክልት መሸጫዎች በር ላይ የኪያር ችግኝ ተደርድሮ ይታያል። ለምለም ነው፤ አንዳንዱማ ቢጫ አበባ ሁሉ ጀማምሯል። ከዚያ ስልኬ መጮህ ይጀምራል። "ኪያር አሁን ልትከል ወይስ ልቆይ?"

ቆዩ። ሌላ መልስ የለኝም። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ለምን መቆየት እንዳለባችሁና ከቆያችሁ በኋላ ምን እንደምታደርጉ ነው።

ቀን ካልተቆረጠልኝ አይሆንልኝም ለሚል ሰው የምሰጠው ቀን ግንቦት ልደታን ነው። ግንቦት 1 በፈረንጆቹ ሜይ 9 ላይ ይውላል። በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉት የሜሪላንድና የሰሜን ቨርጂኒያ ሰፈሮች የመጨረሻው ውርጭ በአብዛኛው ከኤፕሪል አጋማሽ እስከ ሜይ መጀመሪያ ባለው ጊዜ ውስጥ ያልፋል። እንግዲህ ንፍሮው ተቀቅሎ፣ ተበልቶ፣ ምርቃቱም ካለቀ በኋላ ብትተክሉ ውርጭ የሚያገኛችሁ እምብዛም ነው። ጀርመን ያላችሁ ደግሞ የዚህን ነገር አቻ ታውቁታላችሁ። እዚያ አትክልተኛው ከሜይ 11 እስከ 15 ያሉትን የቅዱሳን ቀናት "የበረዶ ቅዱሳን" ይላቸዋል። የመጨረሻዋ ቅድስት ሶፊያ ሳታልፍ ኪያርም ሆነ ቲማቲም ውጭ አይወጣም። እነሱ በሶፊያ፣ እኛ በልደታ። በመካከላችን አንድ ሳምንት እንኳ አይሞላም።

ቀኑ ግን ግማሽ መልስ ነው። ሌላው ግማሽ ያለው አፈሩ ውስጥ ነው።

የአፈር ቴርሞሜትር ግዙ። ዋጋው ከአንድ ምሳ አይበልጥም። ጠዋት፣ ፀሐይ መሬቱን ሳታሞቀው፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አስገቡትና አንብቡ። 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በዚህ አገር ልኬት 65 ፋራናይት ገደማ ሲደርስና ለጥቂት ቀናት በዚያው ሲጸና ዘር መዝራት ይቻላል። 21 ዲግሪ ቢሞላ ደግሞ የተሻለ ነው። አፈሩ 10 ዲግሪ እንኳ ካልደረሰ ዘሩ አይበቅልም። በ15 ዲግሪ አፈር ውስጥ ለመብቀል 13 ቀን ያህል ይፈጅበታል። በ20 ዲግሪ 6 ቀን፣ በ25 ዲግሪ 4 ቀን፣ በ30 ዲግሪ 3 ቀን። እነዚህን ቁጥሮች አንዴ ልብ ብሎ ያየ ሰው አይቸኩልም። ኤፕሪል መጨረሻ ላይ የተዘራውና ከሁለት ሳምንት በኋላ የተዘራው ከመሬት የሚወጡበት ቀን ብዙ አይራራቅም፤ ልዩነቱ የመጀመሪያው ያን ሁሉ ጊዜ በቀዝቃዛ እርጥብ አፈር ውስጥ ተኝቶ ለብስባሴና ለአይጥ ሲጋለጥ መክረሙ ነው።

ይህ ነገር ለብዙዎቻችን ለምን እንደሚከብደን አስቤበታለሁ። እኛ ባደግንበት አገር የመዝሪያ ጊዜን የሚወስነው ዝናብ ነው። በልጉ ጣለ አልጣለም፣ ሰኔ ግም አለ አላለም፣ ነገሩ ሁሉ እሱ ነው። ሙቀትን ማንም ቆሞ አይጠብቅም። ደጋው ደጋ ነው፣ ቆላው ቆላ ነው፤ ሰው የሚዘራውም እንደሚኖርበት ከፍታ ነው። እዚህ ግን ደጋና ቆላ አንድ መሬት ላይ ይፈራረቃሉ። ጃንዋሪ ላይ ከየትኛውም ደጋችን የባሰ ብርድ ነው። ጁላይ ላይ ደግሞ ላቡን እየጠረገ የሚሄደውን ሰው ስታዩ አዋሽ ሰባት የወረዳችሁ ይመስላችኋል።

ካውንቲው ለነዋሪዎች በሚያከራየው የጋራ የአትክልት ቦታ ላይ ጋሼ የምላቸው ጎረቤት አሉኝ። ጎጃም፣ ገበሬ ቤት ያደጉ ናቸው። ኤፕሪል ላይ ሁለት ቀን ሲዘንብ ካዩ አያስችላቸውም።

"አንተ ልጅ፣ ምድሩ ረጥቦልህ ምን ትጠብቃለህ?"

"ጋሼ፣ ለኪያር ገና ነው።"

"ዝናቡ ይለፍህና እንተያያለን።"

ለጎመን፣ ለሰላጣ፣ ለአተርና ለድንች እሳቸው ልክ ናቸው። እነዚህ ብርድ ይችላሉ፤ እንዲያውም ሙቀቱ ሳይበረታ ነው መዘራት ያለባቸው። ሁላችንም ገና ስንጎረጉር ጋሼ ጎመን ቀንጥሰው ወደ ቤት ይሄዳሉ። ኪያር ግን የዱባና የሐብሐብ ወገን ነው። የመጣው ከህንድ፣ ከሂማላያ ግርጌ ነው፤ ሰው ማልማት ከጀመረው 3,000 ዓመት ያህል ሆኖታል ይባላል። ያን ሁሉ ዘመን ብርድ አልለመደም። ይህን ስነግራቸው ሰሙኝ፣ ትንሽ ዝም አሉና "እንግዲህ ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል" ብለው ወደ ጎመናቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ቴርሞሜትሬን ከእኔ በላይ የሚያነቡት እሳቸው ናቸው።

ብርድ ኪያርን የሚጎዳው ውርጭ ሲሆን ብቻ አይደለም። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ከወረደ፣ በረዶ ባይሠራም፣ ተክሉ ይታመማል። ሥሩ ውሃ መሳብ ያቅተዋል። ቅጠሉ ይገረጣል፣ እድገቱ ቀጥ ይላል። አይሞትም፤ ችግሩም እሱ ነው፤ ቢሞት ሌላ ትዘሩ ነበር። ሰኔ ድረስ እንደጫጨ ይቆይና ከኋላው የተዘራው ቀድሞት ይሄዳል። ፍሬውም ከተቆረጠ በኋላ ያው ነው። ፍሪጅ ውስጥ በጣም ቀዝቃዛው ቦታ ላይ ሳምንት ሙሉ የተቀመጠ ኪያር ላዩ እየጎደጎደ ውሃ ውሃ የሚለው ለዚህ ነው። ከሙቅ አገር የመጣ ነገር ብርድን እንዴት ይቻለው። ፍሪጁ በር አካባቢ አስቀምጡት፣ በጥቂት ቀን ውስጥም ብሉት።

አሁን ወደ መሬቱ።

ኪያር ፀሐይ ይፈልጋል፤ ቢያንስ በቀን 6 ሰዓት፣ 8 ቢሆን ይመረጣል። እኛ አካባቢ ያለው የሜሪላንድ አፈር በአብዛኛው ሸክላ ነው። ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ጡብ ይሆናል። እንዲህ ያለውን አፈር የሚያድነው ኮምፖስት ብቻ ነው። እዚህ አካባቢ ሊፍግሮ የሚባል በከረጢት የሚሸጥ ኮምፖስት አለ፤ ከሞንትጎመሪና ከፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ከሚሰበሰብ ቅጠልና ሣር የሚሠራ ነው። መደቡ ላይ አራት ጣት ያህል አልብሳችሁ ከአፈሩ ጋር አዋህዱት። መደቡን ከፍ አድርጋችሁ ብትሠሩት ውሃ አይተኛበትም፣ ቶሎም ይሞቃል። በጣም የቸኮለ ሰው ከመዝራቱ ከሁለት ሳምንት በፊት ጥቁር ፕላስቲክ አፈሩ ላይ ይዘርጋ፤ ጥቂት ዲግሪ ያተርፋል። መቸኮል የሚፈቀደው በዚህ ብቻ ነው። ደግሞ ባለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ዱባ፣ ዙኪኒ ወይም ሐብሐብ የነበረበት መደብ ላይ አትዝሩት። በሽታቸው አንድ ነው።

ዘር ይሻላል ወይስ ችግኝ? እኔ ዘር ነኝ። የኪያር ሥር መነካካት አይወድም፤ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ሲዛወር ቀናት ያኮርፋል፣ በዚያ መሃል በሞቀ አፈር የተዘራው ዘር ይደርስበታል። ያ በር ላይ ተደርድሮ ያያችሁት፣ በትንሽዬ ፕላስቲክ ውስጥ ሆኖ አበባ ያወጣው ችግኝ፣ ሥሩ ተጠማዞ ቦታ ያጣ ነው። አበባው ውበት ሆኖ ነው የሚሸጠው እንጂ ለእናንተ ምልክቱ ጥሩ አይደለም። ችግኝ ካሰኛችሁ ሁለት ወይም ሦስት እውነተኛ ቅጠል (ሲበቅል ከሚታዩት ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቀጥሎ የሚወጣው) ብቻ ያለውን፣ ገና ሕፃኑን ምረጡ። ቤት ውስጥ የምታፈሉ ከሆነ ደግሞ ወደ ውጭ ከሚወጣበት ቀን ከሦስት ሳምንት በላይ አስቀድማችሁ አትጀምሩ፤ ከነመያዣው መሬት የሚገባ የወረቀት ወይም የፒት (ከረግረግ የሚወጣ የበሰበሰ ዕፅ) ኩባያ ተጠቀሙ። ከመትከላችሁ በፊት ለአንድ ሳምንት ያህል ቀን ቀን ውጭ እያወጣችሁ ነፋስና ፀሐይ አለማምዱት።

ዘሩን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ቅበሩት። በየ30 ሴንቲ ሜትሩ ሁለት ሦስት ፍሬ ጣሉና ሲበቅል ጠንካራውን አስቀርታችሁ ሌላውን በመቀስ ቁረጡ። አትንቀሉት፤ የጎረቤቱን ሥር ይዞ ይወጣል። እዚህ ላይ ርኅራኄ አይጠቅምም። ስንቱን አይቻለሁ፣ "ያሳዝናል" ብሎ ሦስቱንም የሚተው፣ ከዚያ ሦስቱም እየተሻሙ ሲቀጥኑ የሚያይ።

የዘር ዓይነት ማስታወቂያው ላይ ካለው ፎቶ አይመረጥም። ሱቅ ውስጥ የምታውቁትን ረዥሙን ጥቁር አረንጓዴ ኪያር ከፈለጋችሁ ማርኬትሞር 76 አስተማማኝ ነው። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ሄንሪ መንገር ያዳቀለው ዓይነት ነው፤ ቁጥሩም የወጣበት ዓመት ነው፣ በፈረንጆቹ 1976። አጭሩን፣ ልጣጩ ስስ የሆነውን፣ ዘሩም የማያስቸግረውን የሚወድ ቤት አልፋ ወይም ፐርሺያን የሚባሉትን ይፈልግ። እስራኤል ያላችሁ ጠዋት ጠዋት ሰላጣ ላይ የምትከትፉት እሱን ነው፤ ስያሜውም ከዚያው ቤት አልፋ ከሚባለው ኪቡትዝ፣ ከጋራ እርሻ መንደሩ፣ የመጣ ነው። ለኔ ጣዕሙ እሱን የሚያህል የለም።

በረንዳ ብቻ ላላችሁ፣ አፓርታማ ውስጥ ለምትኖሩ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ባለ 5 ጋሎን ባልዲ ሥሩን ቀዳዱ፣ ለዕቃ ውስጥ ተክል ተብሎ የሚሸጥ ጥሩ አፈር ሙሉ፣ አንድ ተክል ብቻ አስገቡ። አንድ ብያለሁ። ዘሩን ስትገዙ ያለ ንብ ፍሬ የሚይዝ መሆኑን ሻጩን ጠይቁ፤ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ንብ ትመጣለች ብሎ መጠበቅ ይከብዳል። ጁላይ ሲገባ ያንን ባልዲ በየቀኑ ታጠጣላችሁ፣ አንዳንድ ቀን ሁለት ጊዜ። ለእረፍት አዲስ አበባ ልትሄዱ ያሰባችሁ ሰዎች ከወዲሁ ጎረቤት አባብሉ።

መሬት ላይም ቢሆን ኪያር እንዲወጣ እንጂ እንዲንፏቀቅ አትተዉት። ሐረጉ እንደ ሰው ቁመት ወይም ከዚያ በላይ ይረዝማል። ሽቦ፣ መረብ፣ ገመድ የተወጠረበት እንጨት፣ ሁሉም ይሆናል። ሲንጠለጠል ፍሬው ቀጥ ይላል፣ ቅጠሉ ነፋስ ያገኛል፣ ዝናብ ሲመታው ቶሎ ይደርቃል፣ ለመቁረጥም አትጎነበሱም። መወጣጫውን ከመደቡ በስተሰሜን ብትተክሉት ሌላውን አትክልት አያጠልበትም። እንጨቱን ዘሩ ሳይዘራ በፊት ትከሉ፤ በኋላ ስትቸነክሩ ሥር ትወጋላችሁ።

ውሃ በሳምንት 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚያህል ያስፈልገዋል፣ ፍሬ ሲይዝና ሙቀቱ ሲበረታ ከዚያም በላይ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከመርጨት በሳምንት ሁለት ሦስቴ ጥልቅ አድርጎ ማጠጣት ይሻላል። ጠዋት ይሁን፣ ሥሩ ላይ ይሁን፣ ቅጠሉ ላይ አይሁን። የውሃው መቆራረጥ ፍሬውን መራራ ያደርገዋል። መራራነቱን የሚያመጣው ኩከርቢታሲን የሚባል ነገር ነው፤ ተክሉ በጥማት ወይም በሙቀት ሲጨነቅ ይበዛል፣ በብዛት የሚገኘውም ግንዱ ጋ ባለው ጫፍና ልጣጩ ሥር ነው። ስለዚህ አንዱ ፍሬ ከመረራችሁ ጫፉን ወፈር አድርጋችሁ ቁረጡና ላጡት፣ ከዚያ ሄዳችሁ መሬቱን አጠጡ። አፈሩ ከሞቀ በኋላ ገለባ ብትጎዘጉዙበት እርጥበቱን ይይዝላችኋል። ሳይሞቅ ከጎዘጎዛችሁት ግን ብርዱን ነው የምታቆዩት።

ማዳበሪያ ላይ አትብዙ። ናይትሮጅን የጠገበ ኪያር ቅጠል ብቻ ነው። ሐረጉ መሮጥ ሲጀምር አንድ ጊዜ ኮምፖስት ወይም ቀለል ያለ ማዳበሪያ ጨምሩለት፣ በቃ።

አሁን ወደ ጠላቶቹ። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው።

አንደኛዋ ጢንዚዛ ናት። ቢጫ፣ ጀርባዋ ላይ ሦስት ጥቁር መስመር ያላት፣ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ብዙም የማትበልጥ። የብርዱን ወራት ተደብቃ ታሳልፍና ምድር ሲሞቅ ትወጣለች። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅጠሎች በአንድ ሌሊት ወንፊት ልታደርጋቸው ትችላለች። ከመብላቷ የሚብሰው ይዛው የምትመጣው ባክቴሪያ ነው። ተክሉ እኩለ ቀን ላይ ይጠወልጋል፣ ማታ ደህና ይመስላል፣ በሚቀጥለው ቀን ይደገማል፣ ከዚያ አይነሳም። ሰው ውሃ ጠምቶት ነው ብሎ ያጠጣዋል፣ ያጠጣዋል። ለማወቅ ግንዱን ቁረጡና ሁለቱን ጫፎች ለጥቂት ጊዜ አጣብቃችሁ ቀስ ብላችሁ አላቅቁ። ዝልግልግ ክር ከተሳበ እሱ ነው። መድኃኒት የለውም፤ ነቅላችሁ አስወግዱ።

መከላከያው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው። ዘሩ እንደበቀለ ስስ ነጭ የአትክልት ጨርቅ አልብሱት፣ ዳር ዳሩን በአፈር ቅበሩ። ብርሃንና ዝናብ ያሳልፋል፣ ጢንዚዛዋን ያስቀራል። አበባ ሲታይ ግን ግለጡት፣ አለበለዚያ ንብም አትገባም። ጠዋት ጠዋት ጢንዚዛዋ ገና ሳትነቃቃ በእጅ ለቅሞ የሳሙና ውሃ ውስጥ መጣልም ይሠራል። ጋሼ በዚህ የሚወዳደራቸው የለም።

ስለ አበባ ካነሳን አይቀር፣ በመጀመሪያ የሚፈኩት አበቦች ፍሬ ሳይዙ ሲረግፉ አትደንግጡ። ወንዶቹ ናቸው። ሴቶቹ ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመጣሉ፤ ከአበባው ሥር ትንሽዬ ኪያር ተሸክመው ስለሚወጡ ታውቋቸዋላችሁ። አንዷ ሴት አበባ የምትከፈተው ለአንድ ቀን ብቻ ነው፣ በዚያችም ቀን ንብ ደጋግማ መመላለስ አለባት። ካልተመላለሰች ፍሬው ቢጫ ሆኖ ይወድቃል ወይም አንድ ጎኑ ብቻ አብጦ ይጣመማል። ንብ ካጣችሁ ወንዱን አበባ ቀንጥሳችሁ፣ የአበባውን ቅጠል ገፍፋችሁ፣ ብናኙን ሴቷ መሃል ላይ ቀቡት። ሥራው ደቂቃ አይፈጅም። ከመደቡ ዳር በሶብላ ወይም ሱፍ መትከል ንብ ይጠራል፤ በሶብላውንማ ለበርበሬ ትፈልጉታላችሁ።

ሜይ አጋማሽ ላይ የተዘራ ኪያር ጁላይ አጋማሽ ላይ መስጠት ይጀምራል። ከዘር እስከ መጀመሪያው ፍሬ ከ50 እስከ 70 ቀን ነው፣ እንደ ዓይነቱ። ከጀመረ በኋላ ደግሞ ማቆሚያ የለውም። በሁለት ቀን አንዴ ካልቆረጣችሁለት ታዝናላችሁ። ቅጠል ሥር ተደብቆ ያረጀ፣ ቢጫ የሆነ አንድ ፍሬ ካለ ተክሉ ዘር ማፍራቱን ጨረስኩ ብሎ ሌላውን ይተዋል። ረዥሙን ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ፣ ቤት አልፋውን ደግሞ ከዚያ አጥሮ ሳለ በመቀስ ቁረጡ። መጎተት ሐረጉን ይገነጥላል። ትልቅ ኪያር አምጥቶ የሚኮራ ሰው አለ። እኔ አልኮራም፤ ዘሩ ጠንክሯል፣ ልጣጩ ወፍሯል፣ ማንም አይበላውም።

ደግሞ ጊዜው እንዴት እንደሚገጥም ተመልከቱ። ፍልሰታ ነሐሴ 1፣ ኦገስት 7 ላይ ይገባል። ምርቱ አናቱ ላይ የሚደርሰው በዚያው ሰሞን ነው። ኪያር፣ ቲማቲም፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ ትንሽ ዘይትና ጨው፣ ከሽሮ ጎን። ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ በከረጢት ይዛችሁ ሂዱ፤ ሁሉም ሰው ዙኪኒ ሲያድል እናንተ ኪያር ብትይዙ ወዳጅ ትበዛላችሁ።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ያለቀ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኔ ግን በጣም የምወደው ሁለተኛውን ዘር ነው። ከሰኔ ሚካኤል እስከ ሐምሌ ሥላሴ፣ ማለትም ከጁን 19 እስከ ጁላይ 14 ባለው ጊዜ ውስጥ እንደገና ዝሩ። አፈሩ እሳት ነው፣ ዘሩ በሦስት በአራት ቀን ይወጣል። የብርዱን ወራት ያለፉት ጢንዚዛዎች አብዛኞቹ አልቀዋል። የመጀመሪያው ተክል ነሐሴ መጨረሻ ላይ ደክሞ ቅጠሉ ሲራገፍ ይሄኛው መስጠት ይጀምራል፣ ለእንቁጣጣሽ ማዕድም ይደርሳል። እዚህ የመጀመሪያው ውርጭ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ኦክቶበር አጋማሽ ካለፈ በኋላ ስለሆነ ሴፕቴምበርን ሙሉ ትበሉታላችሁ።

የሁለተኛው ዘር ፈተና ዳውኒ ሚልዲው የሚባለው ሻጋታ ነው። ብርድ አይችልም፤ የብርዱን ወራት የሚያሳልፈው ውርጭ በሌለባቸው እንደ ፍሎሪዳ ባሉ ቦታዎች ነው። ከዚያ በየዓመቱ በነፋስ ተጭኖ ወደ ሰሜን ይመጣል፣ እኛ ጋ የሚደርሰውም አብዛኛውን ጊዜ የሙቀቱ ወራት መሃል ላይ ነው። ቅጠሉ ላይ በደም ሥሮቹ የታጠረ ማዕዘን ማዕዘን ያለው ቢጫ ነጥብ ታያላችሁ፣ ከሥሩ ደግሞ ግራጫ ብናኝ። በሳምንት ሁለት ሳምንት ውስጥ ተክሉን ያቃጥለዋል። ድሮ የሚቋቋሙት ዓይነቶች ነበሩ፤ በፈረንጆቹ 2004 ግን የምሥራቅ አሜሪካውን ሻጋታ የቀድሞው መከላከያ ማቆም አቃተው። አሁን ከኮርኔል የወጣው ዲኤምአር 401 ከብዙዎቹ የተሻለ ይቋቋማል። ለሁለተኛው ዙር የምመክረው እሱን ነው፤ ጣዕሙን ለመጀመሪያው ዙር ቤት አልፋ ተዉለት። ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስለው ሌላኛው ሻጋታ ብዙ አያስጨንቀኝም፤ የታመመውን ቅጠል ቆርጣችሁ ቀጥሉ።

በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምዘራው የሚለኝ ሰው ካለ ግንቦት መጨረሻ፣ ጁን የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ይዝራ። ከጢንዚዛዋ ግርግር ይተርፋል፣ ከሻጋታውም ይቀድማል። "ሁሉም ተክሎ ጨርሶ እኔ ብቻ ቀረሁ" የሚለውን ጭንቀት ግን ራሱ ይቻለው።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ለምታነቡ፣ የእናንተ ነገር ሌላ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ውርጭ ከስንት አንዴ ቢሆንም ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ዝናቡና ደመናው ሻጋታ ይጠራል፣ በረዶም ይጥላል። የሚሞቀው ከየካቲት እስከ ግንቦት ነው። የግቢያችሁን ግንብ ተጠግታችሁ፣ ፀሐይ ውሎበት ማታ ሙቀቱን የሚመልስበትን ጎን መርጣችሁ የካቲት ላይ ዝሩና በባልዲ አጠጡ። ላስቲክ ቤት ያለው በሌላም ጊዜ ይችላል። ቢሾፍቱ፣ መቂና ባቱ አካባቢ ያላችሁማ ሌሊቱም ከአዲስ አበባ ይልቅ ሞቅ ስለሚልላችሁ ውሃ እስካለ ድረስ የመዝሪያው ጊዜ ይሰፋላችኋል።

ኦክቶበር ላይ ውርጭ ቅጠሉን ሲያጠቁረው ሐረጉን ከነሥሩ ነቅላችሁ አውጡ፤ ጢንዚዛዋ የምትደበቀው በዚያ ትርክምክም ሥር ነው። የታመመውን ኮምፖስት ውስጥ አትክተቱ። የተረፋችሁን ዘር ግን አትጣሉት። ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ፣ ክዳኑ የሚገጥም ብልቃጥ ውስጥ ከተቀመጠ አምስት ዓመት ያህል ይቆያል፣ ብልቃጡ ላይ ዓመቱን ጻፉበት። የቆየ ከሆነ ሚያዝያ ላይ፣ ያ አታላይ ሳምንት ሲመጣና እጃችሁን ሲበላችሁ፣ አሥር ፍሬ እርጥብ ሶፍት ውስጥ ጠቅልላችሁ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡና ስንቱ እንደሚበቅል ቁጠሩ። ከግማሽ በላይ ከበቀለ ትንሽ ጠቅጠቅ አድርጋችሁ ትዘሩታላችሁ፣ ከዚያ ካነሰ አዲስ ግዙ።